ሁለት ሰው ያላሰላው ሒሳብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ትምህርት ቤቱ ለስላሳና ዳቦ አቅርቦ፣ ጋቢ አልብሶ ሸኘኝ። ንግግር አድርግ ስባል ስለ ጠመኔ አቧራ ጥቂት ቀልጄ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ላይ ሰው በቁሙ የሚለቀስለት ይመስለኛልና ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነበር የፈለግሁት። ስወጣ የፊዚክሱ መምህር እስከ በር ተከትሎኝ መጣና፣ «መምህር ዑመር፣ ድሮ እዚህ ትምህርት ቤት የኳርክ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነበር ይባላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ ነው?» አለኝ። «እውነት ነው» ብዬው ሄድኩ። የቆጨኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። ዕድሜ ልኬን ተማሪን «መልሱን ብቻ አትጻፍ፣ አሠራሩን አሳይ» እያልኩ ያስጨነቅሁ ሰው፣ በሁለት ቃል መልሼ መሄዴ አሳፈረኝ። እንግዲህ አሠራሩ ይኸውና።

ተወልጄ ያደግሁት መሰላ ነው። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ፣ በኩርኩም ነው። ሒሳብ ግን ኩርኩም ሳያስፈልገው ገባኝ። በአብዮቱ ሰሞን መምህር ሆኜ ስቀጠር የተመደብኩት እዚያው መሰላ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ጠመኔ በምላጭ ለሁለት እየከፈለ የሚያድል ሰው ነበር፤ «ሙሉ ጠመኔ የያዘ መምህር ወሬ ያበዛል» ይል ነበር። ከዚያ ሂርና ተዛወርኩ። የሂርናው አለቃዬ ደግሞ ስብሰባ ወዳድ ነበር። «በአጭሩ» ብሎ ከጀመረ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ደመወዙን አላነሳውም፤ ቢነሳም አንድ መስመር አይሞላም። ቀን ልጆቹን፣ ማታ በመሠረተ ትምህርት ወላጆቻቸውን እያስተማርኩ፣ ክረምት ክረምት እየተማርኩ ዲፕሎማዬን ያዝኩና አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የምንለው ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኜ ገባሁ። ጋሽ ጌታነህን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ጌታነህ የከተማው ልጅ ነው። እናቱ እማማ ተዋበች በሐረር መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ይሸጡ ነበር። ልጃቸው በትምህርት ጎብዞ ሞስኮ ተላከ፤ ብዙ ዓመት ተቀመጠ፤ የዶክትሬት ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አባቱ ሞቱና ለለቅሶ መጣ። ለአጭር ጊዜ ነበር የመጣው። ተመልሶ ለመውጣት ግን ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃዱ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት አለፈ፤ ባዶ እጁን ከሚቀመጥ ብለው በተወለደበት ከተማ ፊዚክስ እንዲያስተምር መደቡት። ሰዉ «ሞስኮ» ይለው ነበር። «ሞስኮ አለፈ»፣ «ሞስኮ ዛሬ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል» ይባላል። እውነትም ገልብጦ ይለብስ ነበር።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው መጀመሪያ ያናገርኩት። የድሮ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ ይጽፋል። ሩስኛ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ሒሳብ ነው፣ ግን እኔ የማውቀው ዓይነት ሒሳብ አይደለም።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ምንድን ነው የሚያሰሉት?» አልኩት።

«ባዶ ቦታ ውስጥ ያለውን» አለኝ ቀና ሳይል።

እብድ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ። ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያን ወንበር በመሳቤ የተደሰትኩባቸው ቀኖችም አሉ፣ ያዘንኩባቸውም አሉ፤ ያዘንኩባቸው ይበልጣሉ።

እንደገባኝ ልንገራችሁ። ፕሮቶንና ዘመዶቹ ሃድሮን ይባላሉ፤ የተሠሩትም ከኳርክ ነው። ኳርክን ለብቻው ነጥሎ ያየ ሰው የለም፤ ከቤቱ አይወጣም። ኳርኮቹን አንድ ላይ የሚይዘው ኃይል የሚጠናበት ትምህርት ኳንተም ክሮሞዳይናሚክስ ይባላል። ቀመሩ ይታወቃል፤ ከቀመሩ ተነስቶ የሃድሮንን ክብደት በቀጥታ ማውጣት ግን በወረቀትና በእርሳስ አይሞከርም። ስለዚህ በጎን ይኬዳል፤ አንዱ ነገር በሁለት መንገድ ይጻፋል። በአንድ ወገን ከኳርኮቹ ተነስተህ ትመጣለህ፤ ባዶ የምንለው ቦታም ባዶ እንዳልሆነ አስበህ በውስጡ ላለው ሁሉ ተራ በተራ ትጨምርለታለህ። በሌላው ወገን ደግሞ በላቦራቶሪ ከሚታየው ሃድሮን ተነስተህ፣ ክብደቱን እንደማይታወቅ ቁጥር አድርገህ ትጽፋለህ። ሁለቱ እኩል ይሁኑ ትላለህ፤ የማይታወቀው ከእኩልነቱ ይወጣል። ይህ የድምር ሕግ ይባላል።

እኩልነቱ ግን በሁሉም ቦታ አይታመንም። እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የሚዞር አንድ ቁጥር አለ። ወደ አንዱ ወገን አብዝተህ ካዞርከው ያላሰላኸው ነገር ይበዛብሃል፤ ወደ ሌላው ካበዛኸው ሌሎች ከባድ ሃድሮኖች ገብተው የምትፈልገውን ይውጡብሃል። በመካከል ጠባብ ቦታ አለች፤ «መስኮት» ይሏታል። በመስኮቷ ውስጥ ቁልፉን ብታንቀሳቅስ መልሱ መንቀሳቀስ የለበትም። ከተንቀሳቀሰ መልስ የለህም። ጋሽ ጌታነህ ግራፉን ሠርቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ዓይኑ ትክክል አግድም ያነሳና፣ አናጢ የሳንቃ ጠርዝ እንደሚያይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩን ዳር እስከ ዳር ያየዋል። ካልተስማማው ወረቀቱን አጣጥፎ ለእናቱ ምድጃ ማቀጣጠያ ይሰጣል።

የእሱ ድርሻ የአንዲት የፕሮቶን ዘመድ ክብደት ነበር። ሥራው አልቆ አንድ ማስተካከያ ብቻ ቀርቶታል፤ ከባዶው ቦታ የሚመጣ አንድ ቁራጭ። ሞስኮ ያለው ፕሮፌሰሩ፣ እሱ «ሽማግሌው» የሚለው፣ ያችን ቁራጭ ጨርሰህ ላክ፣ እኔ ግብዣውን እልካለሁ፣ መጥተህ ትመረቃለህ ብሎ ጽፎለታል። ግብዣ ካለ የመውጫ ፈቃዱም ተስፋ ነበረው። ሽማግሌው ግን ጡረታው ደርሶ ነበርና ጊዜው አጭር ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ቁራጯ ከተሰላች ሰውዬው የጀመረውን ይጨርሳል፣ ካልተሰላች አሰበ ተፈሪ ላይ «ሞስኮ» እየተባለ ያረጃል።

ታዲያ እኔ ለምን አስፈለግሁ? በሽማግሌው ቤት ሕግ ነበር። ሁለት ሰው ለየብቻው፣ ሳይነጋገር፣ በተለያየ ክፍል ያላሰላው ሒሳብ ከቤት አይወጣም። «አንድ ሰው ያሰላው ሒሳብ አስተያየት ነው» ይል ነበር ይባላል ሽማግሌው። አሰበ ተፈሪ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሰው የለም። ስለዚህ ጋሽ ጌታነህ ሁለተኛ ሰው ለመሥራት ተነሳ። የተሠራሁት እኔ ነኝ።

ተማሪ ከወጣ በኋላ ባዶ ክፍል እንገባለን። ማትሪክስ እንዴት እንደሚባዛ አውቅ ነበር፤ እሱ የሚያባዛቸው ግን ቅደም ተከተላቸው ሲለወጥ መልሳቸው የሚለወጥ፣ አመለኛ ማትሪክሶች ናቸው። መጽሐፎቹ ሞስኮ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ቀርተዋል። ሕጉን ሁሉ ከራሱ እያወጣ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እኔ እገለብጣለሁ። ከሁሉ በፊት የጻፈልኝ ሰንጠረዥ የኳርኮችን ቦታ ለመለዋወጥ የሚያገለግል ነበር። ያለሱ አንድ ገጽ አትሠራም። ሲጽፈው እጁ አላመነታም፤ እኔም ምን አውቄ ልጠራጠር።

ልማዶቹ ብዙ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ወደ እኔ ተጋብተው ልጆቼን አማርረዋል። የተሳሳተ ነገር አያጠፋም፤ በአንዲት ቀጭን መስመር ይሰርዘውና እንዲነበብ ይተወዋል። «የት እንደሳትን ካላወቅን ነገም እዚያው ነን» ይላል። ማንኛውንም ሒሳብ ከመጀመሩ በፊት መልሱ በግምት ምን ያህል እንደሚሆን ጥግ ላይ ይጽፋል። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ተቀምጬ ጫት ከቃምኩ ደግሞ የዚያን ዕለት ወረቀቴን አይነካም።

«የምርቃና ሒሳብ አልቀበልም» ይለኛል።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ወላሂ በምርቃና ሰዓት የማይፈታ ጥያቄ የለም።»

«አውቃለሁ። ጧት ሲነጋ ነው የማይፈታው።»

አንድ ቀን ደግሞ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ በለኝ» አለኝ። በዕድሜ ታላቄ ነው፣ መምህሬ ነው፤ እንዴት ብዬ? ተቆጣ። «እርስዎ የምትለውን ሰው ተሳስተሃል ማለት ያቅትሃል። ተሳስተሃል የማይለኝ ሰው ደግሞ አያስፈልገኝም» አለ። እማማ ተዋበች ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ «ዑመሬ፣ መጥኔ ለአንተ» አሉኝ። እንግዲህ አንተ አልኩት። በአፌ አንተ አልኩት፤ ልቤ ግን እርስዎ እንዳለ ቀረ። ልብ በትእዛዝ አይለወጥም።

እንዲህ ስንል ሁለት ዓመት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሲገባ፣ «አሁን በቅተሃል፣ ሂድና አስላ» አለኝ። እኔ መሰላ ወላጆቼ ቤት ወረድኩ፤ እሱ አሰበ ተፈሪ ቀረ። እንዳንጻጻፍ ተማማልን። ክረምቱን በሙሉ በዝናብ ቀን ጎተራው አጠገብ ተቀምጬ ሠራሁ። ሰዉ የመሬት ክርክር ማመልከቻ የምጽፍ መስሎት ነበር። አባቴ አንድ ቀን መጥተው ወረቀቱን አይተው፣ «ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አሉኝ በኦሮምኛ። «አንድ ሰው ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ነው» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰጥቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ ተገናኘን። እማማ ተዋበች ቤት፣ ሾፌሮች ለምሳ ከመምጣታቸው በፊት፣ ረጅሙን ጠረጴዛ ያዝነው። ወረቀቱን እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላ ጫፍ ዘረጋን። እማማ ሆጃ አቀረቡልን፤ የቡና ቅጠሉን በወተት አፍልተው ጨው ጣል ያደርጉበታል። እሱ የራሱን እያነበበ፣ እኔ የእኔን በእርሳስ እየነካሁ ወረድን። መካከል ላይ አንድ ቦታ ተለያየን። የእኔ የመባዛት ስህተት ነበር፤ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ምልክቱ አንድ ነው፣ ቁጥሩ አንድ ነው።

እዚያው ከሞስኮ ባመጣት ትንሽ ካልኩሌተር አሰላና ግራፉን ነጠብ ነጠብ አድርጎ ሠራው። አነሳው፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ለእኔ አቀበለኝ፤ አየሁት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እማዬ፣ እስቲ ይህን መስመር እይው። ቀጥ ያለ ነው?» አላቸው።

እማማ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወረቀቱን ያዙ። «ምን ሊሆን ነው፣ ቀጥ ያለ ነው» አሉ።

ጋሽ ጌታነህ አቀፈኝ። ሰው ሲያቅፍ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ የሠርጌ ቀን እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። ባለቤቴ ይህን ካነበበች ይቅር ትበለኝ።

ሥራው ተላከ። ፖስታው ሄዶ እስኪመጣ ወራት ፈጀ፤ መጣ። ሽማግሌው ግብዣውን ልኳል። ይበልጥ የገረመን የመውጫ ፈቃዱ ነው፤ ለዓመታት በሩን ያልከፈተው ቢሮ በዚያ ወር ከፈተ። ከተማው ሰማ። ጫት ጫኞቹ ሳይቀሩ «ሞስኮ ወደ ሞስኮ ሊሄድ ነው» ይሉ ጀመር። እማማ ተዋበች በሶና ቋንጣ ያዘጋጁ ነበር። ደስ ብሏቸዋል፤ ግን አንድ ቀን ሥጋውን ሲዘለዝሉ ብቻቸውን አገኘኋቸውና፣ «ለአባቱ ቀብር መጣ። ለእኔስ ማን ያመጣዋል?» አሉኝ።

ጋሽ ጌታነህ ሻንጣ ማዘጋጀቱን ትቶ ወደ ወረቀቱ ተመልሷል። ምረቃው ላይ ጠያቂዎች ያፋጥጡኛል፣ ያችን ቁራጭ በረጅሙ መንገድም ሠርቼ ልያዝ አለ። ረጅሙ መንገድ ማለት የኳርኮቹን ቦታ የሚለዋውጠውን ሰንጠረዥ ሳትነካ፣ እያንዳንዷን ነገር ዘርዝረህ አንድ በአንድ ማባዛት ነው። ያሰለቻል፤ ግን ምንም ነገር በቃል ማስታወስ አይፈልግም። እኔንም ለብቻህ ሥራው አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁም።

ሠራሁት። ምልክቱ ተገልብጦ ወጣ፤ መደመር የነበረው መቀነስ ሆነ። እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። የዚያን ሳምንት ሰርግ ነበረብንና ጫቱን አብዝቼ ነበር። ምርቃናው ነው ብዬ ሁለት ቀን ጫት ሳልነካ ቆይቼ እንደገና ጀመርኩት። ያው ነው። ቅዳሜ ጧት እየሳቅሁ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ዛሬ ስደበኝ። ጫቱ ጭንቅላቴን ጨርሶታል መሰለኝ፣ ምልክቱ ተገልብጦብኛል» አልኩት።

አልሳቀም። ወረቀቴን አላየም እንኳ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና፣ «የእኔም ተገልብጧል» አለኝ።

ከዚያ የድሮውን ሰንጠረዥ አወጣንና ከመጀመሪያው መረመርነው። ኳርኮች ቦታ ሲለዋወጡ እንደ ተራ ቁጥር አይደሉም፤ በተለዋወጡ ቁጥር አንድ የመቀነስ ምልክት ይጨመርባቸዋል። ጋሽ ጌታነህ መጽሐፉ በሌለበት፣ ከራሱ አውጥቶ ሰሌዳው ላይ የጻፈልኝ ሰንጠረዥ ለተራ ቁጥር የሚሆነው ነበር። ትክክለኛ ሰንጠረዥ ነው፤ ለሌላ ነገር። የመቀነሷ ምልክት ተረስታለች። እሱ በዚያ ሠራ፤ እኔም ከሰሌዳው ገልብጬ በዚያው ሠራሁ። ክረምቱን በሙሉ በሁለት ከተማ ተቀምጠን፣ ተማምለን፣ ሳንጻጻፍ፣ አንዱን ስህተት ሁለት ጊዜ አሰላነው።

ምልክቷን አስተካክሎ ግራፉን እንደገና ሠራ። ዓይን ድረስ ማንሳት አላስፈለገውም። መስመሩ ወደ ሚኤሶ እንደሚወርደው መንገድ ቁልቁል ሄደ። መስኮት የለም። መስኮት ከሌለ መልስ የለም፤ መልስ ከሌለ የላክነው ሁሉ ከንቱ ነው።

ለመንኩት። በሕይወቴ ሰው እንዲያ ለምኜ አላውቅም። «ሂድና እዚያ አርመው። መጽሐፍህም እዚያ ነው፣ ሽማግሌውም እዚያ ነው። ማነው የሚያውቀው? ከእኔና ከአንተ ሌላ ማን አየ?» አልኩት።

«የጠሩኝ በዚህ ሒሳብ ነው» አለኝ።

«በዚህ ሒሳብ ጠርተውህ በሌላ ትመረቃለህ። በሩ ከተዘጋ አይከፈትም፣ ታውቀዋለህ።»

«ሽማግሌው ሁለተኛው ሰው ማን ነው ብሎ ጠይቆኝ ስምህን ጽፌለታለሁ። ሁለት ሰው አስልቶታል ብያለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ሁለት ሰው አላሰላውም ዑመር። እኔው ነኝ ሁለቴ ያሰላሁት።»

ይህ ቃል ጎዳኝ። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረው፤ ይህ ግን እውነት ነው። ሁለት ዓመት ሰው ሆንኩለት ያልኩት፣ ለካስ ከገደል እንደሚመለስ የራሱ ድምፅ ነበርኩ። ተናደድኩ፤ በእሱም፣ በሰሌዳውም፣ መጽሐፍ በሌለበት አገር ሒሳብ በሚያሰላ ሰው ሁሉ ተናደድኩ። እሱ ግን ኮቱን ለብሶ ነበር። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብሎ ወጣ። ቴሌ ሄዶ፣ ሥራው ስህተት እንዳለበትና ግብዣውን እንደማይቀበል ቴሌግራም መታ።

ማታ ለእናቱ፣ «አልሄድም እማዬ» ብቻ ነው ያላቸው። እማማ ተዋበች ያሉበት ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። እሱ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሌላ ነገር አልተናገረም። ከዚያ ወዲህም በቤቱ ውስጥ ነገሩ እንደዚያው ተወሰደ፤ ልጅ ለእናቱ ብሎ ቀረ። ሰፈሩም እንዲያ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይም እንዲያ ተባለ፣ እማማም ሾፌሮቹን ሲያስተናግዱ አንገታቸው ቀና አለ።

ሽማግሌው ደግ ሰው ነበር፤ ልክ አድርገሃል፣ ሲስተካከል ላከው ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጣ፤ በቦታው የተተካው ሰው ጌታነህ የሚባል አያውቅም። ፈቃዱን የሰጡት ሰዎች ደግሞ ተቀየሙ። የተከፈተለትን በር የናቀ ተባለና ወደ አሰቦት፣ ቆላ፣ ለመለስተኛ ትምህርት ቤት ልጆች ሳይንስ እንዲያስተምር ተዛወረ።

እየወረድኩ እጠይቀው ነበር። በሙቀቱ ቀልጦ ቀጥኗል። ወደ ገዳሙ የሚወጡ ተሳላሚዎች በደጁ ያልፋሉ፤ እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ አሁንም ይጽፋል። መስኮቷን በሌላ በኩል ይፈልጋታል። ወረቀቱን ግን አያሳየኝም። አንድ ጊዜ «አምጣ እስቲ፣ እኔም ልሥራው» ስለው ሳቀ።

«ሌላ ሁለተኛ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ። አንተን እኔ አበላሽቼሃለሁ» አለኝ።

ለቀልድ ነው ያለው። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ሚኤሶ እስክደርስ ግን በመኪናው መስኮት በኩል ፊቴን አዙሬ ሄድኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዘመድ ሞቶበት ነው ብላ ውሃ ሰጠችኝ።

ወባ የያዘው፣ መንግሥት ከመለወጡ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ቆላ ያላደገ ሰው ነው፤ ደጋግሞ ያዘው፣ ደጋግሞ ናቀው። በመጨረሻ በከሰል መኪና ጭነው ወደ አሰበ ተፈሪ ሲያወጡት መናገር አቁሞ ነበር። እናቱ ቤት አንድ ሌሊት አደረ፤ በማግስቱ ሞተ። የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸክሜ፣ እዚያ ለክርስቲያን ወንድሞቹ ትከሻዬን ለቀቅሁ። አጥሩ ሥር ቆሜ በልቤ ዱዓ አደረግሁለት።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞላ። የድሮ ተማሪዎቹ መጡ፣ ሾፌሮች መጡ። ሁሉም የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ ለእናቱ ሲል ሞስኮን የተወ ልጅ። ሰዉ ቀለል ሲል እማማ ተዋበች በእጃቸው ጠሩኝ። «ኮቱ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ና ማለታቸው ነው፤ «እዚህ ተቀመጥ።» አጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይናቸው ደርቋል።

«ዑመሬ፣ ሰው የሚያጽናናኝን ነው የሚነግረኝ። አንተ ግን ከሱ አትለይም ነበር፣ ነገሩን ታውቃለህ። ልጄ ለእኔ ብሎ ነው የቀረው፣ አይደል?»

አውቃለሁ። ለምን እንደቀረ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ገጹን አውቃለሁ፣ መስመሩን አውቃለሁ፣ ምልክቷ የት ቦታ እንደተረሳች ዓይኔን ጨፍኜ አሳያለሁ። ልጃቸው «ተሳስተሃል» እንድለው ብሎ ሁለት ዓመት አስተምሮኝ ነበር። እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነው።

«አዎ እማማ» አልኳቸው። «ለእርስዎ ብሎ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔም እንዲያ ነበር የምለው» አሉ። «ለብቻዬ ሳስበው ግን እጠራጠር ነበር። አንተም ካልክ እውነት ነው።»